ለሰፈሩ ሁሉ የምትፈራው ተናኘ

የተናኘ እጆች ጓንት ይሰፋሉ። ወስፌው ከአሮጌ የባጃጅ ጎማ የተቆረጠውን ላስቲክ ይበሳል፣ ክሩ ይከተለዋል፣ እሷም በጥርሷ ነክሳ ታጠብቀዋለች። ዓይኗ ግን ጓንቱ ላይ አይደለም። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ አስፋልቱን ነው የምታየው። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ብቅ ሲል ወስፌው ባለበት ይቆማል፤ መኪናው አልፎ አቧራው ሲሰክን እንደገና ይበሳል። በዚህ የተነሳ ስፌቷ አንዱ ጠበቅ፣ አንዱ ላላ ይላል። የሚያውቃት ሰው ጓንቱን አይቶ መኪና የበዛው መቼ እንደነበረ መናገር ይችላል።

በየሰፈሩ ለሌላው ሰው ሁሉ እንዲፈራ የተሾመ አንድ ሰው አለ። ማን እንደሾመው አይታወቅም፤ ደመወዝ የለውም፣ ጡረታም አይወጣም። የጎረቤት ልጅ ዛፍ ላይ ሲወጣ ከሥር ቆሞ ቀሚሱን የሚዘረጋው እሱ ነው። ከቀብሪበያ የሚመጣው ሚኒባስ ትንሽ ሲዘገይ፣ "ተገልብጦ ይሆናል" ብሎ ወሬውን የሚጀምረውም እሱ ነው። እናንተም ሰፈር አንድ አለ። የለም ካላችሁ ሰውየው እናንተው ናችሁ። ጂጂጋ፣ እኛ ሰፈር፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት ተቀብላ በታማኝነት የምታገለግለው ክብርት ወይዘሮ ተናኘ ናት።

የክብርትነቷ ቃል አንድ ነው፤ "ቀስ!" ደረጃ ለሚወጣ ሰው ቀስ፣ ለሚወርድ ቀስ፣ ወንበር ላይ ለተቀመጠም ቀስ። ትኩስ ሻይ የሚጠጣ እንግዳ ቤቷ መጥቶ ምላሱን አቃጥሎ አያውቅም፤ ከመጠጣቱ በፊት እሷ ሁለት ጊዜ ታስደነግጠዋለች። ነገሩ ከከፋ ደግሞ "እኔን ይድፋኝ!" ትላለች። ሰው ሊደፋ ሲል እሷ ቀድማ ለመደፋት የተዘጋጀች ናት። ባሏ አቶ ሀብተየስ፣ ጡረታ የወጣ የቢሮ ጸሐፊ፣ ስለ ጋብቻቸው ሲጠየቅ ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነው፤ ተናኘ ያገባችው ወዳው ሳይሆን ብቻውን መንገድ ይሻገራል ብላ ስለፈራች ነው ይላል። እሷ አትስቅም። "ታዲያ ትሻገር ነበር?" ትለዋለች።

ፍርሃቷ ሥር የሌለው እንዳይመስላችሁ። አባቷ በወታደርነት መጥቶ እዚህ ቀርቶ የወለዳት ናት፤ ከዚህ ከተማ ሌላ አገር አታውቅም። በሁለት ሺህ አሥር ክረምት ከተማው በተረበሸ ጊዜ እሷና ሀብተየስ የቆዩት በጎረቤታቸው በሙልኪ ጓዳ ነበር። ሙልኪ ደጇ ላይ ቆማ፣ ሁለት እጆቿን ከበሩ መቃን እስከ መቃን ዘርግታ፣ ለመጣው ሁሉ በሶማልኛ አንድ ነገር ትል ነበር። ተናኘ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ሰማች። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ላይ የሚሰማ የብዙ ሰው ኮቴ፣ የሠርግም ይሁን የኳስ፣ በሯን ያስዘጋታል።

እንግዲህ የዚህችው የሙልኪ ልጅ ናት ሀምዲ። እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አልተሸከሟትም። ሙልኪ ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ድንበር ላይ ወዳለችው ቶጎጫሌ ወርዳ ጨርቅ አምጥታ የምትሸጥ ነጋዴ ስለሆነች፣ ልጅቷ ያደገችው ተናኘ ምንጣፍ ላይ ነው። "ኤዶ" ነው የምትላት፤ በሶማልኛ የአባት እህት ማለት ነው። ተናኘ ወንድም የላትም፤ ስሙን ግን ለማንም አትለቅም። ሀምዲ መዳህ ስትጀምር ኤዶ ከኋላዋ ትድሃለች፤ ሀምዲ በእጇ አጥር ላይ ስትንጠለጠል ኤዶ አጥሩን ትይዛለች። በኋላ ዊልቸር ሲመጣ ደግሞ ኤዶ እጀታውን ያዘች፣ እሱንም አልለቅ አለች። ልጅቷ ጎማውን ራሷ ለመንዳት ከሞከረች ሁለቱ በተለያየ ኃይል ሲገፉት ዊልቸሩ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ግራ ይዞራል።

ጂጂጋ አዛኝ ከተማ ናት፤ ይህን የሚክድ የለም። ሀምዲ ሱቅ በር ላይ ከቆመች የማታውቀው ሰው ጭኗ ላይ ሙዝ አስቀምጦ ያልፋል። የማያዝን ደግሞ ይጠይቃል። እግርሽን ምን ሆንሽ የማይላት መንገደኛ ስለሌለ፣ ሀምዲ ለእያንዳንዱ አዲስ መልስ ማዘጋጀት ጀመረች። ለአንዱ ከግመል ወደቅሁ አለች፣ ለሌላው በእዳ ተይዘውብኝ ነው አለች። አንድ ሽማግሌን ግን አዞ ነው ብላ በቁም ነገር አሳመነቻቸው፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን እያባረሩ ነው።

ከሚያዝኑትም ከሚጠይቁትም የባሱ ሦስተኞች አሉ፤ የሚያደንቁት። የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር አንድ ባለ ሥልጣን ይመጣና ሀምዲን መድረክ ላይ ያወጣታል። መድረኩ ደረጃ እንጂ ሌላ መውጫ ስለሌለው አራት ወንዶች ከነወንበሯ ያነሷታል። አንድ ዓመት ባለ ሥልጣኑ ንግግሩን ቶሎ ጀመረና፣ ሀምዲ አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለች "ይህች ጀግና ያለ ማንም እርዳታ ሁሉን ትችላለች" አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላ ረድፍ "ቀስ!" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሀምዲን ከዚህ ሁሉ ያወጣት ዐብዲዐዚዝ የሚባል የስፖርት መምህር ነው። ልጅቷ ሙሉ ጀሪካን ውኃ በአንድ እጇ ወደ ጭኗ ስታነሳ አየና፣ አላዘነም፣ አልጠየቀም፣ አላደነቀም። ነገ ጠዋት ነይ ብቻ አላት። ባለ ሦስት ጎማ፣ ፊቱ እንደ ግመል አንገት የረዘመ፣ ያገለገለ የውድድር ዊልቸር ከየት እንዳመጣ እሱ ያውቃል። ሀምዲ ተንበርክካ ትገባበታለች፣ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፣ ጎማውን በጓንቷ እየመታች በቶጎጫሌ መንገድ ትበራለች። ሜዳው ገላጣ ነው፣ ነፋሱ አያባራም፣ የጭነት መኪኖቹ ለግመልም አያቆሙም።

ተናኘ መጀመሪያ ያየችው ዕለት አስፋልቱ ዳር ተቀመጠች። ዐብዲዐዚዝን ስታገኘው መምህር መሆኑን ረስታ፣ ይህቺን ልጅ ምን አድርጋህ ነው የምትገድላት ብላ ጠየቀችው። እሱ ፈገግ ብሎ ዊልቸሩ ፍሬን እንዳለው አስረዳት። ተናኘም ሲኖትራኩስ ፍሬን እንዳለው ጠይቀኸዋል ወይ አለችው። ወዲያው ግን የሀምዲ መዳፍ ተልጦ ስታይ፣ ወስፌና የጎማ ቁራጭ ፈልጋ ጓንት መስፋት ጀመረች። እንዲህ ናት፤ የምትፈራውን ነገር ራሷ ትሰፋለታለች።

አሁን ወደ ባለፈው ዓመት ልመልሳችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ያኔ ነውና።

የክልሉ ውድድር ነበር። ከየከተማው የመጡ ልጆች በዚያው በቶጎጫሌ መንገድ ሄደው ይመለሳሉ፤ ፊት የገቡት ሁለቱ ክልሉን ወክለው አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ ከመነሻ እስከ መድረሻ ተወዳዳሪውን ማንም አይነካም። በድምፅ ማጉያ በሶማልኛም በአማርኛም ተነግሯል። ሰውም ሰምቷል። መስማትና መቻል ግን ለየብቻ ናቸው፤ እኛ አገር መንገድ ላይ የቆመ ነገር ይገፋል። ባጃጅ ከቆመ ይገፋል፣ አይሱዙ ጭቃ ከያዘው ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ይገፋል፤ የማን እንደሆነ የሚጠየቀው ከተገፋ በኋላ ነው።

መጨረሻው ላይ፣ ከድልድዩ በላይ፣ አንድ አቀበት አለ። ሀምዲ እዚያ ስትደርስ ሁለተኛ ነበረች። ጎማው ከበዳት፣ ፍጥነቷ ቀነሰ፣ ላቧ ከሂጃቧ ጠርዝ ይንጠባጠብ ጀመር። ተናኘ ዳር ቆማ ይህን ስታይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። "እኔን ይድፋኝ!" ብላ ከኋላ ያዘቻት። ይህን ያዩ ወንዶችም ተከትለው ገቡና ሀምዲን አቀበቱን ጭቃ እንደያዘው አይሱዙ አወጧት።

ሀምዲ ተዉኝ እያለች ነበር። በአማርኛ ተዉኝ አለች፣ በሶማልኛም አለች። ሁሉም ሰማ፣ አንድም ሰው አላመናትም። ምክንያቱም እኛ ዘንድ የመጀመሪያው "አይሆንም" መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ብላ ሲሉህ በልቻለሁ ትላለህ፤ ሞት ይንካኝ ሲሉህ እውነቴን ነው ትላለህ፤ ከዚያ እጅህን ትታጠባለህ። ልጅቷ ተዉኝ ባለች ቁጥር ሰዉ በጨዋነቷ እየተገረመ አጥብቆ ገፋት። "እንዴት ያለች ይሉኝታ ያላት ልጅ ናት" ያለም ነበር።

ዳኛው ባንዲራውን አነሳ። ሀምዲ ከውድድሩ ወጣች። ሰዉ እስኪበተን ድረስ ከዊልቸሯ አልወረደችም፣ አላለቀሰችም፣ ኤዶንም ቀና ብላ አላየቻትም። ተናኘ ለሙልኪ ምን ብላ እንደምትነግራት ሳታውቅ አስፋልቱ ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሰፈሩ አዲስ ማዕረግ ሰጣት፤ ባለ ባጃጆቹ ሞተራቸው እንቢ ሲል "ተናኘን ጥሩልን" ይላሉ። ሀብተየስ እንኳ ይህን ቀልድ አይደግመውም።

ሀምዲ ለረጅም ጊዜ እነ ተናኘ ቤት አልመጣችም። ስትመጣ ግን በዝግታ አልመጣችም፤ ዊልቸሯ የበሩን ጣውላ እስኪመታ ነድታ ገባች። ዘንድሮም ውድድሩ ሊደርስ ነበር። ዐብዲዐዚዝ ከእሷ ቀድሞ ወደ ሀብተየስ መጥቶ፣ በትሕትና፣ አንገቱን እየሰበረ፣ በውድድሩ ዕለት እማማ ተናኘን ቤት ማቆየት ይቻል እንደሆነ ጠይቆ ሄዷል። ሀብተየስም ቁልፉን እይዛለሁ ብሎታል። ተናኘ ይህን ሁሉ ከጓዳ ሰምታለች።

ስለዚህ ሀምዲ ስትገባ ተናኘ ቀድማ ተናገረች፤ አትሥጊ፣ አልመጣም፣ በሩን ራሴ እዘጋለሁ አለች።

"ትመጫለሽ" አለች ሀምዲ። "አቀበቱ ላይ ነው የምትቆሚው። ማንም እንዳይነካኝ።"

ተናኘ የሚቀለድባት መሰላት። "ለጅብ ሥጋ አደራ ይሰጣል?"

"አንቺን የሚያህል ገፊ በከተማው የለም። የገፊ እጅ ሲነሳ ማን ቀድሞ ያያል?"

ሀብተየስ ከማዕዘኑ ሳል አለ። ተናኘ ወስፌዋን አስቀመጠች። እንግዲህ የልቧን ጥያቄ መጠየቅ ነበረባት። ይህን ጥያቄ ሀምዲ መዳህ ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ ይዛው ኖራለች፤ ጮክ ብላ ግን ጠይቃው አታውቅም።

"ብትወድቂስ?"

"እነሳለሁ።"

"ባትነሺስ፣ ልጄ?"

ሀምዲ ጓንቱን አንስታ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች። "ያን ጊዜ እዚያው እወድቃለሁ። ግን የወደቅሁት እኔ እሆናለሁ፣ ኤዶ። ባለፈው ዓመት እኮ አልወደቅሁም፣ አልወጣሁም። ዕቃ ነበርኩ።"

ተናኘ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ሀምዲ ግን አልጨረሰችም፤ ዘንድሮ ካልሆነ ዐብዲዐዚዝ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ነው፣ ዊልቸሩም ለሌላ ልጅ ይሰጣል፣ ሌላ ዕድል የለም አለች። ይህን ተናግራ በመጣችበት በር ወጣች። ተናኘ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ሆና ቀስ አላለቻትም። አፏ ደርቆባት ነው እንጂ ሳትፈልግ ቀርታ አይደለም።

የውድድሩ ቀን ከመድረሱ በፊት የነበሩትን ቀናት ተናኘ እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ሀብተየስን ጠይቁት። እጆቿን መለማመድ ጀመረች። የሻይ ብርጭቆ ከጠረጴዛው ጫፍ ሊወድቅ ሲል እያየች እንዲወድቅ ትተዋለች። የመጀመሪያው ብርጭቆ ሲሰበር ጮኸች፣ ሁለተኛው ላይ ዓይኗን ጨፈነች። ሀብተየስ ከዚያ በኋላ ሻዩን በቆርቆሮ ኩባያ መጠጣት ጀመረ። እሷ ግን በልምምዱ አልተጽናናችም፤ ብርጭቆ አላሳደገችም።

ዕለቱ ደረሰ። ነፋሱ ከሜዳው አፈር እያነሳ የሰዉን ዓይን ይሞላ ነበር። ትራፊክ ፖሊሶች መንገዱን ስለዘጉት ከቶጎጫሌ የመጡ የጭነት መኪኖች ከአቀበቱ በታች ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮቹና ረዳቶቹ ወርደው ዳር ዳሩን ይዘዋል። ተናኘ ይህን ሁሉ ትከሻ፣ ይህን ሁሉ ለመግፋት የተፈጠረ ክንድ ስታይ ነጠላዋን ሰበሰበች። አቀበቱ ወገብ ላይ ሄዳ ቆመች። ሀብተየስ ከኋላዋ በርጩማ ይዞ መጥቶ ነበር፤ አልተቀመጠችበትም።

መጀመሪያ ያለፈችው ሆዳን የምትባል የደምበል ልጅ ናት። እንደ ቀስት ወጣች፤ ሰዉ ለመግፋት ጊዜ አላገኘም። ከዚያ ሀምዲ ከድልድዩ ብቅ አለች፣ ከእሷ ኋላም ብዙ ሳይርቅ የቀብሪበያ ልጅ ትመጣለች። ሀምዲ የአቀበቱን ግማሽ በጥሩ ፍጥነት ወጣች። ከዚያ ነፋሱ ከፊት መታት። ጎማው ዞረ፣ ዘገየ፣ ቆመ። ዊልቸሩ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ፤ ሀምዲ ሁለት ጎማዎቹን በመዳፏ ጨምድዳ ያዘችው። ክንዶቿ ሲንቀጠቀጡ ከዳር ይታይ ነበር።

ተናኘ እጆቿ ሳታዛቸው ሲነሱ አየች። ፊቷን ወደ ሀምዲ እንዳደረገች ከቆመች እነዚህ እጆች እንደማይታዘዙላት በዚያች ቅጽበት ገባት። ስለዚህ ዞረች። ጀርባዋን ለልጅቷ፣ ፊቷን ለሰዉ ሰጠች። እጆቿን ግራና ቀኝ ዘረጋቻቸው።

ሰዉ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ያ የብዙ ሰው ኮቴ። ከፊት የሚመጣው ሻርማርኬ የሚባል የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ በር የሚያህል ሰውዬ፣ ሽርጡን ወደ ላይ ሰብስቦ አስሯል፣ "ሚስኪን" እያለ ይመጣል። ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይኑ እንባ አቅሯል። ቢስሚላህ ብሎ እጁን ዘረጋ።

"ሃ ታባን!" አለች ተናኘ። አትንካ ማለት ነው። ሶማልኛዋ የገበያ ሶማልኛ ነው፤ ዋጋ መጠየቅና ሰላም ማለት ነው የምትችለው። ይህን ቃል ግን ከገበያ አልተማረችውም፤ ያኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆና የሰማችው ነው።

ሻርማርኬ ቆመ። ከዚያ በአማርኛ ተቆጣት። ልጅቷ ወደ ገደል እየሄደች ነው፣ አታዪም ወይ አላት። ከኋላው ሌላው፣ ሴትዮዋ አብዳለች አለ። አንዱ ደግሞ የሌላ ከተማ ልጅ እንድታሸንፍ ተከፍሏት ይሆናል አለ። አንዲት ሴት ከሕዝቡ መሀል፣ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች፣ "ይቺ አልወለደችም፤ የወለደ አንጀት እንዲህ አይችልም" አለች።

ተናኘ እውነትም አልወለደችም። ቃሉ ገብቶ የት እንዳረፈ እሷ ታውቃለች። በከተማው ውስጥ አንዲት አዛኝ ተመርጣ ብትሸለም የምትሸለመው ሴት፣ በገዛ ሰፈሯ ሰው ፊት ጨካኝ ተብላ ቆመች። ነጠላዋን ነፋሱ ወስዶ ሀብተየስ እያሳደደው ነው። እጆቿን ግን አላጠፈቻቸውም።

"ስማኝ፣ ልጄ" አለችው ሻርማርኬን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ካንተ በላይ እኔ ልገፋት እፈልጋለሁ። እጄን እየው።"

ሻርማርኬ እጇን አየ። ጣቶቿ ከነፋሱ ውጪ በራሳቸው ይርገበገቡ ነበር።

"ተዉኝ ብላለች። እውነቷን ነው። ከነካኻት ወጣች፤ ሌላ ቀን የላትም።"

ሰውየው ምን እንዳሰበ አናውቅም። ከዚያ እሱም ዞረና ያን ሰፊ ጀርባውን ለተናኘ ሰጥቶ በሶማልኛ በሰዉ ላይ ጮኸ። ረዳቱ እጁን ኪሱ ከተተ። ሌሎቹም እጃቸው እንዳይከዳቸው አንዱ ብብቱ ሥር፣ አንዱ ጀርባው ላይ፣ አንዱ በጓደኛው ትከሻ ላይ ደበቀው። ያ ሁሉ ወንድ እጁን አስሮ፣ አንገቱን ወደ አቀበቱ አስግጎ፣ በሆዱ ይገፋ ጀመር።

ተናኘ አሁንም አልዞረችም። ከኋላዋ የሚሆነውን አታይም፤ የሚሰማት የጎማ ድምፅና ነፋስ ብቻ ነው። ሻርማርኬ ሰዉን አስቁሞ ፊቱን ሲመልስ፣ አቀበቱን ከእሱ ፊት ላይ ማንበብ ጀመረች። ቅንድቡ ተሰበሰበ፤ ቆማለች ማለት ነው። ከንፈሩን ነከሰ፤ ተንሸራተተች። አንገቱ በትንሹ ወደ ላይ ሄደ። እንደገና ወደ ላይ። አንድ ድምፅ ከጎማው መጣ፣ ጓንት ጎማን ሲመታ የሚሰማው። ደግሞ ሌላ። የሻርማርኬ አፍ ተከፈተ። ከጎኗ የቀብሪበያዋ ልጅ እያለከለከች ስታልፍ ተናኘ በዓይኗ ጥግ አየቻት። ሀምዲ ተቀደመች ማለት ነው።

ከዚያ ሻርማርኬ ዓይኑን ጨፈነ።

ወደቀች አለች ተናኘ በልቧ። ወደቀች፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት ወደቀች። ለሙልኪ ምን እላታለሁ። በሕይወቷ ሁሉ የፈራችው አሁን እንደ ደረሰ፣ ከዚህ ሁሉ የቀረላትም እጆቿን ዘርግታ መቆም ብቻ እንደሆነ ታሰባት። አልዞረችም። ተዉኝ ብላለች።

"ማሻአላህ" አለ ሻርማርኬ ዓይኑን ሳይከፍት። እንባው ወርዶ ጢሙ ላይ ደርሶ ነበር።

ሰዉ ያኔ ጮኸ። ሀምዲ አቀበቱን ጨርሳ ቁልቁለቱን ይዛ ነበር፤ የቀብሪበያዋን ልጅ ከመድረሻው በፊት ደርሳ አለፈቻት። ሁለተኛ ገባች። ተናኘ ይህን ሁሉ የሰማችው ከሀብተየስ ነው፤ ነጠላዋን ይዞ፣ ትንፋሹ ተቆርጦ መጥቶ ነገራት። እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ነበር። መነሳት አልቻለችም። ሻርማርኬ ደግፎ ሊያነሳት እጁን ሲዘረጋ ትንሽ አመነታና "ልንካ?" ብሎ ጠየቃት።

ሀምዲ ጓንቷን በጥርሷ እያወለቀች መጣች። ኤዶ፣ አየሽኝ ወይ ብላ ጠየቀች። ተናኘ አንድም አላየሁሽም አለች፤ ይህን ሰውዬ ነው ያየሁት አለች ወደ ሻርማርኬ በአገጯ እያመለከተች። ሀምዲ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው። "ታዲያ እንዴት ነበርኩ?" አለችው። እሱ ግን እግርሽን ምን ሆነሽ ነው አላት። አዞ ነው አለችው።

ስለ ተናኘ ሰፈሩ ይስቃል፤ እኛም ስቀንባታል፣ ነገም እንስቃለን። ብቻ አንድ ነገር እወቁ። ያን ዕለት አቀበቱ ላይ የነበረው ሁሉ ልበ ሙሉ ሰው ነበር፤ ልጅቷን ይዞ እንደሚያወጣት አልተጠራጠረም። አልችልም ብላ እየተንቀጠቀጠች የቆመችው አንዲቱ ፈሪ ብቻ ናት። ልጅ ያለው ሰው፣ የልጅ ልጅ ያየ ሰው፣ ይህ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። እኔ ብሆን እጄን ማጠፌ አይቀርም ነበር።

ይህ ሆኖ ተናኘ ተለወጠች ብላችሁ እንዳትጠብቁ። በማግስቱ አዲስ አበባ የሚኬደው በአውሮፕላን መሆኑን ሰምታ አልጋ ላይ ወደቀች። አውሮፕላኑ ቢወድቅስ፣ ባይወድቅ ብርዱስ፣ ሊፍት ውስጥ መብራት ቢጠፋባትስ። ሙልኪ ስታረጋጋት ዋለች። እናትየዋ ተቀምጣ ጎረቤቷን ስታጽናና ማየት ለሰፈሩ ሌላ ሳቅ ሆነ። ሀምዲ ደግሞ የምትሄድበት ቀን እስኪደርስ በየጠዋቱ ትለማመዳለች። ዐብዲዐዚዝ ከኋላዋ በባጃጅ ይከተላታል፤ ከኋላ ወንበር ላይም አንዲት ሴት፣ አንድ እጇ በባጃጁ ብረት ላይ፣ አንድ እጇ በአፏ ላይ፣ ተቀምጣ ትሄዳለች።

ስለዚህ በቶጎጫሌ መንገድ የምትነዱ፣ አንድ ልመና አለኝ። ጠዋት ላይ ባለ ሦስት ጎማዋን ልጅ ስታገኙ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፣ ሰፊ ቦታ ትታችሁ እለፉ፣ ጡሩምባ ግን አትንፉ። ለሀምዲ ብዬ አይደለም፤ እሷ ጡሩምባ ስትሰማ ፍጥነት ትጨምራለች እንጂ አትደነግጥም። ከኋላዋ ባጃጅ ውስጥ ላለችው ብዬ ነው። ልቧ ያን ያህል አይችልም፤ እኛም ሌላ ተናኘ የለንም።